ምዕራፍ 7፦ ክንፉን ያሳነሰ ሳቢሳ

ሳቢሳ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ከብት እየተከተለ ፌንጣ የሚለቅመው ነጩ ወፍ ነው። ወገኑ ግን ሰፊ ነው። አንዱ ዘመዱ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ ቀኑን ሙሉ ዛፍ ላይ ይውልና ሲመሽ ውሃ ዳር ወርዶ ዓሣና እንቁራሪት ያድናል። በዚህ ምዕራፍ የማታ ሳቢሳ እንለዋለን። በእኛ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር አለ፤ በአውሮፓ፣ በእስያና በአሜሪካም አለ። ይህን ያህል የተስፋፋው መብረር ስለማይቸግረው ነው።

ከዚሁ ወገን የሆነ ሌላ ሳቢሳ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል ሮድሪገስ በምትባል ደሴት ይኖር ነበር። እሱ ግን መሮጥ እንጂ መብረር ብዙም አይሆንለትም ነበር። ዛሬ የቀረልን አጥንቱና በዓይናቸው ያዩት ሰዎች የጻፏቸው ጥቂት መስመሮች ብቻ ናቸው።

በምዕራፍ 4 የተፈጥሮ ምርጫ እንዴት እንደሚሠራ አይተናል፤ በአንድ ወገን ውስጥ እያንዳንዱ ከሌላው ትንሽ እንደሚለይ፣ ለቦታው የተመቸው ብዙ ልጅ እንደሚተካ፣ ልዩነቱም በውርስ እንደሚተላለፍ። በምዕራፍ 6 ደግሞ የኢትዮጵያ ተራሮች በበረዶው ዘመን ምን ይመስሉ እንደነበር ተመልክተናል። የዚህን ወፍ ነገር ለመረዳት ሁለቱም ያስፈልጉናል። መጀመሪያ ግን ምስክሮቹን እንስማ።

አራት ምስክሮች

ሮድሪገስ ከሞሪሸስ በስተምሥራቅ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ ከእሳተ ገሞራ የተወለደች ደሴት ናት። ስፋቷ 108 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከየትኛውም አህጉር ጋር ተያይዛ ስለማታውቅ በእግሩ ሄዶ የደረሰባት አውሬ የለም። ሰው ከመምጣቱ በፊት ከአጥቢ እንስሳት ወገን በምድሯ ላይ የነበረው የሌሊት ወፍ ብቻ ነው፤ እሱም የደረሰው በርሮ ነው።

የመጀመሪያው ምስክር ፍራንስዋ ለጋ ነው። በሃይማኖቱ ምክንያት ከፈረንሳይ የተሰደደ ሰው ሲሆን፣ በ1691 ከሰባት ጓደኞቹ ጋር ሮድሪገስ ላይ ወረደ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለት ዓመት ኖረው በ1693 በራሳቸው እጅ በሠሩት ጀልባ ወጡ። ለጋ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ሳቢሶቹ እንደ ሙክት ዶሮ የሰቡና ለመያዝ የማያስቸግሩ እንደነበሩ ጽፏል። እሱና ጓደኞቹ ከዘንባባው ላይ እንሽላሊት በዘንግ እየመቱ ሲያወርዱ ሳቢሶቹ ሮጠው ይመጡና ከእግራቸው ሥር እያነሡ ይውጡ ነበር። ቢያባርሯቸው አይሸሹም። እንሽላሊቶቹም ቢሆኑ ሰው አይፈሩም፤ ገበታ ላይ እየወጡ ሐብሐብ ይበሉ ነበር።

ሁለተኛው ምስክር ዡልየን ታፎሬ፣ በ1725 እና በ1726 መካከል መርከቡ ትታው ሄዳ በዚያው ደሴት ወራት ያሳለፈ ሰው ነው። እሱም ሳቢሶቹን አይቷል። የሚበሩት በጣም ጥቂት ነው፣ ሲያባርሯቸው ግን ሩጫቸው ለጉድ ነው ሲል መዝግቧል።

ሦስተኛው ምስክር ስለ ሳቢሳው አንድም ቃል ያልጻፈ ሰው ነው። አሌክሳንድር ፓንግሬ የተባለው ፈረንሳዊ የከዋክብት ተመራማሪ ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት በ1761 ሮድሪገስ ሄደ። በደሴቲቱ ስላሉት እንስሳትም በዝርዝር ጻፈ። በዝርዝሩ ውስጥ ሳቢሳ የለም።

አራተኛው ምስክር አጥንቱ ነው። በደሴቲቱ የኖራ ድንጋይ ዋሻዎች የተለቀሙ አጥንቶች ፓሪስ ደርሰው፣ አልፎንስ ሚልን ኤድዋርድስ የተባለው ሊቅ በ1873 ወፉን ሳይንሳዊ ስም ሰጠው። ራሱ ለአካሉ ትልቅ፣ እግሩ ደንዳና፣ ክንፉ ግን ከዘመዶቹ ያነሰ ነበር። ለጋና ታፎሬ በዓይናቸው ያዩትን አጥንቱ አጸናው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ወደዚያች ደሴት መጀመሪያ የደረሰው ሳቢሳ ባሕሩን በክንፉ አቋርጦ ነው የመጣው፤ ሌላ መንገድ አልነበረውም። የልጅ ልጆቹ ያንን ያህል ያገለገለ ክንፍ ለምን አሳነሱት?

አጥር በነፃ አይቆምም

በላስታ ከገነተ ማርያም ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወጣ ሰው በየማሳውና በየግቢው ዳር የድንጋይ ካብና የእሾህ አጥር ያያል። አጥር ዋጋ አለው። ድንጋዩ ይለቀማል፣ ይካባል፣ ክረምት ሲንደው እንደገና ይካባል፤ እሾሁም ይቆረጣል፣ ይጎተታል። ገበሬው ይህን ሁሉ የሚከፍለው አጥር ባይኖር የሚደርስበት ጥፋት ከድካሙ ስለሚበልጥ ነው።

አሁን ጅብ፣ ዝንጀሮ፣ ልቅ ከብት፣ ሌባ የሚባል ነገር የሌለበት መንደር እናስብ። ሰዉ መጀመሪያ እንደለመደው ያጥራል። አንድ ዓመት አንዱ አባወራ የፈረሰውን ካብ ሳያድስ ይቀራል። ምንም አይደርስበትም። የተረፈውን ጉልበት ለእርሻውና ለአረሙ ያውለዋል፤ ጎተራው ከጎረቤቱ ቀድሞ ይሞላል፤ ክፉ ዓመት ሲመጣ ልጆቹ አይራቡም። ዓመታት አልፈው ልጆቹ በመንደሩ ሲበዙ የአባታቸውን ልማድ ይዘው ነው። ከጥቂት ትውልድ በኋላ በዚያ መንደር አጥር የለም። ሰዎቹ ሰንፈው አይደለም፤ ጠላት በሌለበት አገር ያላጠረ ስለሚያተርፍ ነው።

ለወፍ መብረር እንዲህ ያለ አጥር ነው። ክንፍ ምግብ ፍለጋ ለመሄድም ይረዳል፤ በሮድሪገስ ግን እንሽላሊቱ በየዛፉ ሥር ሞልቶ ስለነበር ለምግብ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቀረው የክንፍ ትልቁ ጥቅም ከሚበላህ ማምለጥ ነው። በደሴቲቱ ደግሞ ሳቢሳ የሚበላ አውሬ በምድር ላይ አልነበረም። አጥሩ እየታጠረ ነበር፣ የሚጠብቀው ነገር ግን አልነበረም።

ደረት ላይ የቆመው አጥንት

የዚህን አጥር ዋጋ በወጥ ቤት ማየት ይቻላል። ዶሮ ስትገነጠል በደረቷ መካከል ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ጠርዙ የሳሳ አጥንት አለ። በግራና በቀኙ የተጋደመው ወፍራም ሥጋ ክንፍ የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ ነው፤ አጥንቱም የቆመው ያ ጡንቻ የሚይዝበት እንዲያገኝ ነው። በሚበሩ ወፎች ዘንድ ይህ የደረት ጡንቻ በአማካይ ከመላ ክብደታቸው አንድ ስድስተኛ ያህላል። ጡንቻ ደግሞ ሥራ ቢፈታም ይበላል፤ ደምና ምግብ ይፈልጋል። ስለዚህ ክንፉን የማይጠቀምበት ወፍ በየቀኑ ለማይሠራ አካል ቀለብ እየሰፈረ ነው የሚኖረው።

እዚህ ላይ የምዕራፍ 4ን ነገር እናስታውስ። አንድ ሳቢሳ ሕይወቱን ሙሉ ባይበር ክንፉ በዚያ ምክንያት አጥሮ ለልጁ አይተላለፍም። የሆነው ሌላ ነው። ከሳቢሶቹ መካከል ሲወለዱ ጀምሮ የደረት ጡንቻቸው ትንሽ ያነሰ ነበሩ። በዋናው ምድር ቢሆን አውሬ ቀድሞ የሚበላቸው እነሱን ነው። በሮድሪገስ ግን ድርቅ ሲመጣና እንሽላሊት ሲጠፋ በጥቂት ምግብ መቆየት የሚችሉት እነሱ ሆኑ። ብዙ ጫጩት ያሳደጉትም እነሱ ናቸው።

ለውጡን የሚያቀልለው ሌላም ነገር አለ። የዶሮ ጫጩትን ተመልከቱ። ከእንቁላል በወጣችበት ቀን ትሮጣለች፤ ክንፏ ግን ገና ጉቶ ነው። በወፎች ዘንድ የደረት አጥንትና ጡንቻ ዘግይቶ የሚያድግ አካል ነው። ስለዚህ መብረርን ለመተው አዲስ አካል መፍጠር አያስፈልግም፤ የክንፉ እድገት ቀድሞ ቢቆም ይበቃል። ተመራማሪዎች መብረር የተዉ ወፎች በብዙ ደሴቶች ላይ፣ ያውም እርስ በርስ ሳይገናኙ፣ የበዙበትን ምክንያት በከፊል የሚያስረዱት በዚህ ነው። ጉዞው ቁልቁለት ነው። መመለሻው ግን ዳገት ነው።

አጥር የሌለው መንደር ሲወረር

ለጋ ከመጣ በኋላ ሮድሪገስ ለመርከበኞች የታወቀች ሆነች። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዮች ሞሪሸስ ላይ ሲሰፍሩ ሥጋ የሚጭኑት ከዚህች ደሴት ነበር፤ ግዙፎቹን የየብስ ኤሊዎች በሺህ እየቆጠሩ በመርከብ አጋዙ። ከመርከቦቹ ጋር አይጥ ወረደ፤ ድመትም ተከተለ። ደኑ ተመነጠረ፣ ተቃጠለ።

ለዋናው ምድር ወፍ ድመት አዲስ ነገር አይደለም። ለሮድሪገሱ ሳቢሳ ግን እንቁላሉን የሚሰርቅ፣ ጫጩቱን ጎጆው ውስጥ የሚበላ፣ እሱንም አድብቶ የሚይዝ እንስሳ ታሪኩ ውስጥ የለም። ክንፉ ብቻ ሳይሆን ፍርሃቱም ጠፍቶ ነበር። ፍርሃትም ዋጋ ያስከፍላል፤ ኮሽ ባለ ቁጥር ከመብሉ የሚሸሽ ወፍ ጦሙን ያድራል፤ ስለዚህ ያም አጥር ፈርሶ ነበር። እንሽላሊት ለመንጠቅ ወደ ሰው እግር ሥር የሚሮጥ ወፍ ሞኝ አይደለም። ለኖረበት አገር ትክክለኛ የነበረውን ነገር ነው የሚያደርገው፤ አገሩ ግን በአንድ ጀንበር ተለወጠበት።

ታዲያ ያው የተፈጥሮ ምርጫ ለምን መልሶ ክንፍ አልሰጠውም? ጊዜ ስላልነበረ ነው። ለጋ ከወረደበት እስከ ፓንግሬ ያለው ጊዜ 70 ዓመት ነው። ይኩኖ አምላክ እንዳሠራው የሚነገርለት የገነተ ማርያም ውቅር ቤተ ክርስቲያን ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሳቢሳው የጠፋው የዚያን አንድ አሥረኛ በሚያህል ጊዜ ውስጥ ነው። ክንፍን የሚያህል ነገር መልሶ ለመገንባት ደግሞ 700 ዓመቱም እጅግ አጭር ነው። ጅቡ ግቢ ከገባ በኋላ ድንጋይ ለቀማ አይወጣም።

ዘር የሚያበድር ጎረቤት

እስካሁን ያልነው ግን ግማሹን ብቻ ነው። ድመትና አይጥ በአህጉሮችም ላይ ወፍ ይጨርሳሉ፤ ረግረግ ይደርቃል፤ ሰው ያድናል። የማታ ሳቢሳ ግን ዛሬም አለ። ለምን?

ወደ መንደራችን እንመለስ። በረዶ ወርዶ የአንድን መንደር ሰብል ቢያወድም ገበሬው ከማዶ ካለው ዘመዱ ዘር ይበደራል፤ በሚቀጥለው ዓመት ማሳው እንደገና ይዘራል። መንደሩን ያዳነው የራሱ ጥንካሬ ሳይሆን ጎረቤት መኖሩ ነው። በዋናው ምድር የማታ ሳቢሳ እንዲህ ነው። አንድ ሐይቅ ዳር ቢያልቅ ከሌላው ሐይቅ በርሮ የሚመጣ አለ። ቦታው ባዶ ይሆናል፣ መልሶም ይሞላል። የሮድሪገስ ሳቢሳ ግን ከሮድሪገስ በቀር የትም አልነበረም። የመጨረሻው ጥንድ ሲያልቅ ዘር የሚበደርለት ማዶ አልነበረውም።

ሮበርት ማካርተርና ኤድዋርድ ዊልሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንን አስልተው አሳይተዋል። በአንድ ደሴት ላይ የሚኖረው የዝርያ ብዛት የሚወሰነው ከውጭ በሚገባውና በውስጥ በሚጠፋው መካከል ባለው ሚዛን ነው። ደሴቱ በራቀ ቁጥር የሚገባው ያንሳል፤ ደሴቱ በጠበበ ቁጥር የሚጠፋው ይበዛል። ሮድሪገስ ሁለቱንም ናት፤ ሩቅም ጠባብም።

የሳቢሳ ወገን ይህን ዕጣ የቀመሰው በአንድ ደሴት ብቻ አይደለም። በሞሪሸስ የራሷ የሆነ የማታ ሳቢሳ ነበረ፤ አጥንቱ ተገኝቶ በ1893 ስም ወጣለት። በሬዩንየንም ነበረ፤ ዱቡዋ የተባለ ተጓዥ በ1674 በታተመው መጽሐፉ ላባው ግራጫ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ እግሩ አረንጓዴ ወፍ ብሎ የገለጸው እሱን ነው። በአትላንቲክ መካከል ባለችው አሴንሽን ደሴት የተገኘው ደግሞ በ2003 ስም ተሰጠው። ሁሉም ጠፍተዋል።

ከሁሉ የሚያስተምረው የቤርሙዳው ነው። በቤርሙዳ ይኖር የነበረው የማታ ሳቢሳ ምግቡ የየብስ ሸርጣን ነበር፤ ምንቃሩም ለዚያ የደነደነ ነው። እንግሊዞች በ1612 ደሴቲቱ ላይ ሰፍረው ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። በላተኛው ሲጠፋ ሸርጣኑ በዛ፤ ከዘመናት በኋላ የጎልፍ ሜዳውን ጉድጓድ በጉድጓድ እያደረገ አስቸገረ። ዴቪድ ዊንጌት የተባለው የደሴቲቱ የተፈጥሮ ጥበቃ ባለሙያ ከ1976 እስከ 1978 ሸርጣን የሚወድ የቅርብ ዘመድ ሳቢሳ ጫጩቶችን ከፍሎሪዳ አስመጥቶ አሳደገ። ወፎቹ ተዋልደው በዙ፣ ሸርጣኑም ቀነሰ። ዊንጌት ስቶርስ ኦልሰን ከተባለ ተመራማሪ ጋር ሆኖ የጠፋውን የቤርሙዳ ሳቢሳ በ2006 በአጥንቱ ገልጾ ስም ሰጠው። ሥራውን የሚተካ ዘመድ ከማዶ ተገኘ ማለት ነው፤ ራሱ ሳቢሳው ግን አልተመለሰም።

ባሕር የሌለው ደሴት

ይህ ሁሉ ከባሕር ሩቅ ለሆነው የላስታ ሰው ምኑ ነው? ደሴት ለመሆን ባሕር የግድ አይደለም። መሻገር የማይቻል ነገር በዙሪያው ካለ ይበቃል።

ከገነተ ማርያም ሽቅብ ሲወጣ መጀመሪያ ጤፍና ስንዴ፣ ከዚያ ገብስ ይገኛል። ገብሱ ሲያልቅ አስታ ይጀምራል፤ አስታው ሲያልቅ ጓሳና ጅብራ ያለበት ውርጭ ነው። የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ብርድ የለመደ እንስሳ ወደ ሌላ ውርጭ ለመሄድ ቆላ ወርዶ ሞቃቱን አገርና ማሳውን ማቋረጥ አለበት። ወደ ሰሜን ተራሮች ለመድረስ የተከዜ ሸለቆ አለ። ለእሱ ሸለቆው ባሕር ነው።

በምዕራፍ 6 እንዳየነው በበረዶው ዘመን ውርጩ ዛሬ ካለበት ብዙ ዝቅ ብሎ ስለነበር ተራሮቹ ይበልጥ የተቀራረቡ ነበሩ። አገሩ ሲሞቅ ውርጩ ወደ ጫፍ ጫፉ ሸሸ፤ አብረውት የነበሩት እንስሳትም እየተቆራረጡ ቀሩ። ከአፍሪካ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ምድር 80 በመቶ ያህሉ በኢትዮጵያ ነው፤ ግን እንደ ደሴት የተበታተነ ነው።

ከነዚህ ደሴቶች ነዋሪዎች አንዱ ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ ሲሆን ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። በአቡነ ዮሴፍ ዙሪያ ያለው በአሥሮች የሚቆጠር ነው። ቀይ ቀበሮ እንደ ሳቢሳው አጥሩን አላፈረሰም፤ ተራራው ለአውሬም ለሰውም ተዘግቶ ስለማያውቅ ይጠነቀቃል፣ ይሮጣል። በደጋው ያሉት ወፎችም መብረር ያልተዉት ለዚሁ ነው። የተራራ ደሴት አደጋ ሁለተኛው ነው፤ ዘር የሚያበድር ጎረቤት ማጣት።

ባሌ ላይ የውሻ በሽታ፣ ማለትም የእብድ ውሻ በሽታ፣ በ2003 ዌብ ሸለቆ ሲገባ በሸለቆው ካሉት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። በሽታውን የሚያመጡት የመንደር ውሾች ናቸው። ሸለቆው ግን በኋላ አገገመ፤ በዚያው ባሌ ሌሎች ሸለቆዎች፣ ሌሎች ቀበሮዎች ስላሉ። ያው በሽታ በጣት የሚቆጠሩ ቀበሮዎች ባሉበት ተራራ ቢገባ ማን ይመጣል? መልሱን በጎጃም ጮቄ ተራራና በሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳ ማየት ይቻላል። በሁለቱም ቀይ ቀበሮ ነበረ፤ በሁለቱም ዛሬ የለም፤ ከሌላ ተራራ መጥቶ የተካውም የለም።

በአንድ ነገር ደግሞ የላስታ ደሴት ከሮድሪገስ ይብሳል። የባሕር ዳርቻ ባለበት ይቆያል። የተራራው ዳርቻ ግን የገብሱ ማሳ ድንበር ነው፤ መሬት ሲጠብ ገብሱ ሽቅብ ይወጣል፣ ደሴቱም በየዓመቱ ያንሳል። የማካርተርና የዊልሰን ስሌት እዚህም ይሠራል፤ ደሴቱ በጠበበ ቁጥር የሚጠፋው ይበዛል።

ሁለት ጥያቄ

ብርቅዬ እንስሳ ሲባል ደስ ይለናል፤ ከእኛ በቀር የትም የለም ማለት ነውና። የሮድሪገስ ሳቢሳም ብርቅዬ ነበር። የትም የለም ማለት ከጠፋ የሚመጣበት ማዶ የለም ማለትም ነው፤ ኩራቱና ሥጋቱ ከአንድ ምንጭ ናቸው።

ስለዚህ ስለማንኛውም ብርቅዬ እንስሳ ስንሰማ ሁለት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ አብሮት ኖሮ የማያውቅ ምን ዓይነት ጠላት መጥቶበታል? ሁለተኛ፣ ቢጎድል ከየት ይሞላል? ለሳቢሳው የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ድመትና አይጥ ነበር፤ የሁለተኛው መልስ ከየትም አይሞላም የሚል ነው። ሁለቱንም ጥያቄ በጊዜ የጠየቀለት አልነበረም።

ለቀይ ቀበሮ ግን ጊዜው አላለፈም። ከ2018 ጀምሮ በባሌ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሥጋ ውስጥ እየተደበቀ ይሰጣል፤ የመንደር ውሾችን መከተብ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ የተጀመረ ነው። ይህ የሌላውን አጥር ሰው አጠረለት ማለት ነው። የገነተ ማርያም ገበሬ ውሻውን ሲያስከትብ፣ ወይም የተራራው ማኅበረሰብ ጓሳውን ላለማረስ ሲስማማ፣ እንስሳው በራሱ በሺህ ዓመትም የማይሠራውን ሥራ በአንድ ቀን ይሠራለታል። የሚጎድለውን ከሌላ ተራራ አምጥቶ መሙላት ይቻላል ወይ የሚለው ደግሞ የዘር ጉዳይ ነውና በምዕራፍ 8 እንመለስበታለን።